ቀረዝ

በዘቢድ፣ ከግንቡ ማዶ፣ ነፋስ በሚዞርበት፣
አላፊው ሁሉ በሻሹ አፍንጫ በሚሸፍንበት፣
የሙቅቢል ጉድጓድ አለ፣ ቀይ ውሃ የተኛበት።

ያቀላው ቀረዝ ነው፤ ያ የበረሃ ግራር፣
ፍሬው እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በዶቃ የሚደረደር፣
ምላስ ላይ ቢያኖሩት አፍ የሚያኮማትር።

የፍየሉ ሌጦ እዚያ አርባ ቀን ይተኛል፤
ጠጉሩ ይረግፋል፣ ሞቱ ይሸኛል።
ሙቅቢል እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይረግጠዋል፣
ያገላብጠዋል፣
እንደ ልጅ ይቆጣዋል፣ እንደ ልጅ ያባብለዋል።
ከጉልበቱ በታች ያለው የሰው መልክ የለውም፤
ሃምሳ ዓመት የጠጣው ቀለም ታጥቦ አይለቅም።

ልጁ ሸምሳን ንጹሕ ነው። ጣቱን የነካው ቀለም
ከሱቅ በጠርሙስ የመጣ ነው፤ ከአባቱ ጉድጓድ አይደለም።
ከመስጊዱ ጥላ ሥር ሰዋስው ያስተምራል፤
«የማን ልጅ ነህ?» ያሉት እንደሆን ስለ ሙቀቱ ያወራል።

ቃዲው መጽሐፍ ጻፉና መልእክት ላኩበት፦
«ተቅሪዝ ጻፍልኝ፣ ልጄ፤ በፊት ገጹ እንዳኖርበት።»
ተቅሪዝ ማለት ሙገሳ ነው፤ ይህን ሸምሳን ያውቀዋል።
ከቃሉ የከበረ ቃል ሽቶ መዝገቡን ይገልጠዋል፤
ሥሩን ይቆፍራል፦
ቀ፣ ረ፣ ዘ።
ጆሮው እንደ እሳት ጋለ፣ እጁም ፈዘዘ።

«ቀረዝ፦ ፍሬ፤ ቆዳ ያለፉበታል።
ቀረዘ፣ ሲላላ፦ ቆዳ አለፋ።
ቀረዘ፣ ሲጠብቅ፦ ሰውን አሞገሰ፣ በሕይወት እያለ፤
ለሞተው ግን ሌላ ቃል አለ።»

በሦስት ፊደል መሐል የአባቱ እግር ቆሟል፤
ገጹን ቢያልፈው እንኳ ሽታው ይከተላል።

ማታ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ነገረው፦
«አባ፣ የሊቃውንት ሙገሳ ካንተ ጉድጓድ ነው የወጣው።»
ሙቅቢል ቀና አላለም፤ ሌጦውን ጨመቀው፤
«ግትር ሆኖ ይመጣል፤ ረግጬ ሳላላው
ገዢው ዳስሶት ያደንቃል። እና ምኑ ነው ያስገረመህ?
ይልቅ ንገረኝ፣ ቃዲህ ስንት ቀን ተረገጠልህ?»

አክስቱ ሹዒያ በጥግ ፍሬውን ትወቅጣለች።
ገበያ ላይ፣ ዕዳ ሲጠየቅ፣ ይህን ቀልድ ሰምታለች፦
«እከፍላለሁ፣ ቀረዝ ለቃሚዎቹ ሁለቱ ሲመለሱ!»
ድሮ ወጥተው የቀሩ ናቸው፤ ማንም አላየም ሲደርሱ።
ሰው ይስቃል። እሷ ግን
ዱበይሽን ታያለች፣ ሁለት ጆንያ ጭኖ ጎሕ ሲቀድ፣
ከአህያው ኋላ ኋላ ወደ ዋዲው ሲወርድ።
ማታ አህያው መጣ፤ ከኋላው የሚጎተት ገመድ።
«ተረቱ ሁለት ይላል፤ የኔን አልቆጠረውም፤
ሦስት ናቸው» ትላለች፤ ዘነዘናውን አታቆምም።

እኔ በምጽፍበት ቋንቋ
ቆዳም ይለፋል፣ ሰውም ይለፋል፤
አንድ ግስ ሁለቱን ይረግጣል።
ሙገሳው ግን እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ቀርቷል፣
ምናልባት ከለቃሚዎቹ ጋር።

ለቃዲው አራት ገጽ ጻፈ፤ ለአባቱ አንድ መስመር ሊል፣
ነገ ዛሬ ሲል፣
በሻዕባን ወር፣ ገና ሳይነጋ፣ ሞተ ሙቅቢል።

ብዕሩን አነሣ፤ ቃሉ አልታዘዘለትም፤
ተቅሪዝ ለሕያው ነው፤ ከመቃብር አፍ አያልፍም።
ቆዳስ ሞቶ ነው የሚሞገሰው። ሰው ግን፣
መዝገቡን ዘጋው።

ጉድጓዱ ውስጥ ሰባት ሌጦ አለ፤ ሃያ ሁለተኛ ቀኑ።
ቀብድ ተበልቶበታል።
ሸምሳን ጫማውን አወለቀ፣ ሽርጡን ሰበሰበ።
ውሃው ይቀዘቅዛል።
ቅላቱ ቁርጭምጭሚቱን አለፈ፣ ባቱን ጀመረ።
በጥጉ ሙቀጫው ለአፍታ ዝም አለ።
«እንደሱ አይደለም» አለች ሹዒያ፤ «በተረከዝህ።
ደግሞ ያኛውን ዳር ረሳኸው።»